በሚሊሜትር የሚለካ ጭንቀት

የላንቃ ቁስል ቶሎ ይድናል። ትኩስ ሻይ ያቃጠለው ወይም ቆሎ የጫረው ላንቃ በሳምንቱ ምንም እንዳልነካው ይሆናል፤ ባለቤቱም ዞሮ አያስበውም። በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘር እና የድድ ሐኪሙ ፊሊፕ ማሩቻ ለምርምራቸው የመረጡት ይህንኑ ቁስል ነበር። አሥራ አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላንቃቸው ላይ 3.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቁስል እንድትበሳ ፈቀዱ። የመጀመሪያዋ የተበሳችው በረጅሙ የትምህርት ዕረፍት ነው። ሁለተኛዋ በላንቃው ሌላ ጎን፣ የትምህርት ወቅቱ የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው ተበሳች። ተመራማሪዎቹ ቁስሏን በየቀኑ ፎቶ አነሱ፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እያስነኩም አረፋ መድፈቋን አለመድፈቋን ተመለከቱ። ያልዳነ ሥጋ ያረፋል፤ የዳነው ዝም ይላል።

ውጤቱ በ1998 ታተመ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በዕረፍቱ ጊዜ በአማካይ ስምንት ቀን ያህል የፈጀችው ቁስል በፈተናው ሰሞን አሥራ አንድ ቀን ያህል ቆየች፤ 40 በመቶ ዘገየች ማለት ነው። ከአሥራ አንዱ ተማሪዎች በፈተና ሰሞን እንደ ዕረፍቱ ጊዜ ፈጥኖ የዳነ አንድም አልነበረም። ቁስል እንዲጠግግ ከሚቀሰቅሱት የሰውነት መልእክተኞች አንዱ የሆነው ኢንተርሊውኪን 1 ቤታ የሚመረትበት ትእዛዝም በደም ሕዋሶቻቸው ውስጥ በ68 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አሥራ አንድ ሰው ለጥናት ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ተማሪ የተነጻጸረው ከራሱ ጋር ስለሆነ ውጤቱን በቀላሉ ማጣጣል አይቻልም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ቁስሏ ስትበሳ ፈተናው ገና አልደረሰም። ሰውነታቸው መዘግየት የጀመረው ከመጠበቁ ነው።

የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ለእንዲህ ዓይነት ምርምር ሲፈለጉ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ1983 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ሌላ ጥናት የ64 የአንደኛ ዓመት የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን ምራቅ በትምህርት ዓመቱ ውስጥ አምስት ጊዜ ለካ። አንደኛውና የመጨረሻው ልኬት ረገብ ባሉ ወቅቶች፣ ሦስቱ በፈተና ሰሞን ነበር። አፍንና ጉሮሮን ከተህዋስያን የሚጠብቀው ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ በፈተና ሰሞን ዝቅ አለ። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ከሰው ጋር ሞቅ ያለ ወዳጅነት መፍጠር የሚወዱት ተማሪዎች በሁሉም ወቅት ከሌሎቹ የተሻለ መጠን ነበራቸው። የበላይነትን አጥብቀው እየፈለጉ ፍላጎታቸውን በውስጣቸው አፍነው የያዙት ግን ፈተናው ካለፈ በኋላም መውረዳቸውን ቀጠሉ። ፈተናው አለቀ፤ ሰውነታቸው ግን ፈተናው ማለቁን አልሰማም።

የተማሪዎቹ ጭንቀት በአፍ የሚወራ ስሞታ ብቻ እንዳልሆነ ከእነዚህ ሁለት ጥናቶች እንረዳለን። ከየት እንደሚመጣ ግን አይነግሩንም። ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ «ትምህርቱ ከባድ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ከባድስ ከባድ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጥርስ ሐኪም ለመሆን ቢያንስ አምስት ዓመትና 5,000 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። ከባድ ትምህርት ሁሉ ግን ተማሪውን በአንድ ዓይነት መንገድ አያስጨንቀውም። በዚህ ምዕራፍ የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው፦ የጥርስ ሕክምና ተማሪ በእጁ ሥራ ይመዘናል፤ ሥራው ይሳካ አይሳካ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በእጁ ባልሆነ ነገር ነው።

እጅና መስተዋት

የሕክምና ተማሪ የመጀመሪያዎቹን የሆስፒታል ዓመታት የሚያሳልፈው በአብዛኛው እያየ ነው። በሽተኛው አልጋ ዙሪያ ከቆሙት አንዱ ሆኖ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ይመዘግባል፤ ስለቱን የሚይዘው ሌላ ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ግን ሃያዎቹን ሳያጋምስ ከወንበሩ ጎን ተቀምጦ፣ ነቅቶ እያየው ባለ ሰው አፍ ውስጥ በገዛ እጁ የማይመለስ ነገር ይሠራል። ጥርስ መቦርቦር ትንሽ ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምና ነው። በሌላው የሕክምና ዘርፍ ቀዶ ሕክምና ከምርቃት በኋላ በዓመታት ሥልጠና የሚደረስበት ደረጃ ነው፤ እዚህ ለመመረቅ የሚሠራ የዘወትር ሥራ ነው።

የማይመለስ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። የተሰበረ አጥንት ይጠግጋል፤ የተቦረቦረ ጥርስ ግን ተመልሶ አይሞላም። የጥርስን ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜሉን፣ የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ብቅ ሲል ጠፍተው ያልቃሉ። ተማሪው አንድ ሚሊሜትር አብልጦ ከቆረጠ ያቺ ሚሊሜትር ላትመለስ ሄደች። አንድ ሚሊሜትር ደግሞ በዚህ ሙያ ብዙ ነው። በመንጋጋ ጥርስ ላይ ለአማልጋም ሙሌት የሚቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። ካነሰ ሙሌቱ ይሰበራል። ከበዛ ወደ ነርቩ ይጠጋል፤ ነርቩ ከተነካ ደግሞ በአንድ ቀጠሮ ያልቅ የነበረው ሙሌት ሩት ካናል (የጥርሱን ሥር ውስጡን አጽድቶ መሙላት) ሊሆን ይችላል። መቆፈሪያው በአየር ግፊት በደቂቃ ከ300,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ይህን ፍጥነት ያመጣው የአየር ተርባይን ገበያ ላይ የዋለው በ1957 ነው። ከዚያ በፊት የተማሩት በቀርፋፋ መሣሪያ ስለሚሠሩ ስህተታቸውም ቀርፋፋ ነበር፤ የዛሬው ተማሪ ተሳስቶ እንደሆነ ሲያስብ ስህተቱ ተፈጽሞ አልቋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ላይኛው መንጋጋ ላይ የሚሠራው ተማሪ ጥርሱን በቀጥታ አያየውም። የሚያየው በትንሿ የአፍ መስተዋት ነው። በመስተዋት እያየ የገዛ ማጅራቱን ፀጉር ለማስተካከል የሞከረ ሰው እጁ እንዴት እንደሚስት ያውቃል። ተማሪው እንዲህ እየሠራ ነው ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ጋር የሚታገለው። ልምምዱ የሚጀመረው ፋንተም በሚባለው፣ የፕላስቲክ ጥርስ በተገጠመለት ሰው ሠራሽ ጭንቅላት ላይ ነው። ፋንተም ምራቅ የለውም፤ ምላሱን አያወራጭም፤ «ገና ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ከፋንተም ወደ ሕያው ሰው የሚሻገሩበት ወቅት በብዙ አገር ጥናቶች ጭንቀቱ ከሚያይልባቸው ጊዜያት አንዱ ሆኖ መገኘቱ አያስደንቅም።

ከዚህ ጋር መርፌው አለ። የታችኛውን መንጋጋ ለማደንዘዝ መርፌው ከጉንጩ ወደ ውስጥ ሁለት ሴንቲሜትር ከምናምን ጠልቆ፣ በዓይን የማይታይ ነርቭ አጠገብ መድረስ አለበት። ነርቩ ያለበት ቦታ ከሰው ሰው ይለያያል። ሃያ ዓመት የሠራ ሐኪምም አንዳንዴ ይስታል፤ ልዩነቱ ሐኪሙ «ትንሽ እንጨምራለን» ብሎ ይደግማል፣ ተማሪው ግን በሽተኛው «ይሰማኛል» ባለ ቁጥር እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም ይላል።

ጭንቀት ሲመጣ አድሬናሊን ይረጫል። ለሚሮጥ እግር ይበጃል፤ ለረጋ ጣት ግን ጠላት ነው። በማናችንም እጅ ላይ ሁልጊዜ ያለውን፣ በዓይን የማይታየውን መንቀጥቀጥ ያጎላዋል። የተማሪው ጣት ሲንቀጠቀጥ በሽተኛው ያያል፤ በሽተኛው ማየቱን ተማሪው ያያል፤ ጣቱ ይብስበታል። በሌላ ትምህርት የተጨነቀ ተማሪ ጭንቀቱን ፈገግ ብሎ ሊደብቀው ይችላል፤ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ጭንቀት በበሽተኛው ከንፈር ላይ ይታወቃል።

«ተማሪ ካልተጨነቀ አይማርም» የሚሉ አስተማሪዎች የሳይንስ ድጋፍ ያላቸው ይመስላቸዋል። በ1908 ሮበርት የርክስ እና ጆን ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን አይጦች ነጩን ሳጥን ከጥቁሩ ለይተው እንዲገቡ አስተማሩ፤ የሳተችው አይጥ በኤሌክትሪክ ትነዘራለች። ልዩነቱ ጉልህ ሲሆን ነዘራው በበረታ ቁጥር አይጦቹ ፈጥነው ተማሩ። ልዩነቱ ለዓይን ሲረቅ ግን ብርቱው ነዘራ አዘገያቸው፤ የሠራላቸው መጠነኛው ነበር። ይህን ጥናት የሚጠቅሱ ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ያስታውሳሉ፣ ሁለተኛውን ይረሳሉ። የጥርስ ሥራ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ሥራው በረቀቀ ቁጥር ቁጣው መቀነስ ነበረበት።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ምን ይላሉ?

ጋርቢ፣ ዙከርና ሰልቢ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን ምን እንደሚያስጨንቃቸው በዝርዝር የሚጠይቅ መጠይቅ አዘጋጅተው ውጤቱን በ1980 አሳተሙ። ተማሪው ከፊቱ ለተደረደሩት ጉዳዮች «አያስጨንቀኝም» ከሚለው እስከ «በጣም ያስጨንቀኛል» ድረስ ነጥብ ይሰጣል። መጠይቁ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እየተሻሻለና እየተተረጎመ ከአሜሪካ እስከ ግሪክ፣ ከሕንድ እስከ ዮርዳኖስ ዞሯል። በዚህ መንገድ የተሠሩትን ጥናቶች የሚያጠቃልሉ የግምገማ ጽሑፎችም ወጥተዋል። ከአገር አገር የሚደጋገሙት መልሶች እነዚህ ናቸው፦ ፈተናና ውጤት፤ ከትምህርቱ ወይም ከዓመቱ የመውደቅ ፍርሃት፤ ለመመረቅ የሚጠየቀውን የሥራ ቁጥር አለማሟላት፤ የቀጠሮ ሰዓት የማያከብሩ ወይም ጭራሹን የሚቀሩ በሽተኞች፤ እና እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አስተማሪዎች። በብዙዎቹ ጥናቶች ሴቶች ከወንዶች ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣሉ። ሴቶች የበለጠ ስለሚጨነቁ ይሁን፣ ወይስ ወንዶቹ ስለማይናገሩ፣ መጠይቅ ብቻውን አይለየውም።

እንደ አንባቢ ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛ፣ መጠይቅ የሚያገኘው የጠየቀውን ነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ቢያስጨንቅም አይታይም። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ ጥናቶች የሚበዙት ተማሪውን አንድ ቀን አግኝተው ጠይቀው ይሄዳሉ፤ ምን ምንን እንዳስከተለ አያሳዩም። እነዚህን ጉድለቶች ይዞም ግን ዝርዝሩን ደግመን እንየው። ከአምስቱ ውስጥ ተማሪው ጠንክሮ በማጥናት ብቻ ሊያሸንፋቸው የሚችሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

የአስተማሪዎቹን ጉዳይ እንውሰድ። በማስተማሪያ ክሊኒክ ተማሪው እያንዳንዱን ደረጃ ለተቆጣጣሪው ያሳያል፤ ተቆጣጣሪው ሳይፈርም ወደሚቀጥለው አይሄድም። ጠዋት የነበረችው መምህር «ጉድጓዱን ትንሽ አስፋው» ትላለች። ከሰዓት በኋላ የመጣው መምህር «ማን አስፋው አለህ?» ይላል። ሁለቱም ጥሩ ሐኪሞች ሊሆኑ ይችላሉ። አንድን የተማሪ ሥራ የተለያዩ መምህራን የተለያየ ነጥብ እንደሚሰጡት፣ አንድ መምህርም የራሱን ነጥብ በሌላ ቀን ሊለውጥ እንደሚችል የጥርስ ሕክምና ትምህርት ተመራማሪዎች ከአሥርት ዓመታት በፊት ጀምረው ሲጽፉበት ኖረዋል። ተማሪው ታዲያ ምን ይማራል? መቦርቦሩን ሳይሆን ሰውን ማጥናት ይጀምራል። ዛሬ ማን ተረኛ እንደሆነ አይቶ በሽተኛውን ለዚያ መምህር ቀን ይቀጥራል። ተግሣጹ ደግሞ የሚመጣው በሽተኛው አፉን ከፍቶ በተኛበት ነው። በሽተኛው መናገር አይችልም እንጂ ይሰማል፤ ከደቂቃ በኋላም ያው የተገሠጸው እጅ ወደ አፉ ይመለሳል።

በሽተኛ ፍለጋ

ከሁሉ የሚብሰው ግን የበሽተኛው ነገር ነው። በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ተማሪው ለመመረቅ የተቆጠረ ሥራ ማቅረብ አለበት፤ ይህን ያህል ሙሌት፣ ይህን ያህል ነቀላ፣ ይህን ያህል ሩት ካናል፣ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ተማሪዎቹ ሪኳየርመንት ይሉታል። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ አንድም ሩት ካናል ያልሠራ ሰው ሐኪም ተብሎ እንዲመረቅ ማንም አይፈልግም። ችግሩ በሽታ በሪኳየርመንት አለመምጣቱ ነው። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመሥራት አንድም ጥርስ የሌለው፣ አምስት ያህል ቀጠሮ የሚመላለስ ትዕግሥተኛ አዛውንት ያስፈልጋል። አዛውንቱ አራተኛው ቀጠሮ ላይ ታመው ከቀሩ በብዙ ቦታ የተሠራው ሁሉ አይቆጠርም። ስለዚህ ነው የጥርስ ሕክምና ተማሪ ሠርግ ቤት ሄዶ የሰው ሁሉ አፍ የሚያየው፤ አክስቱ ስትስቅ የሚያስበው ስለ ሳቋ አይደለም። በየአገሩ ለበሽተኛው የትራንስፖርትና የካርድ ከኪሳቸው የሚከፍሉ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ «የተቦረቦረ ጥርስ ያለው» እያሉ የሚያፈላልጉ ተማሪዎች አሉ።

ይህ ለምን ከጥናቱ ብዛት ይልቅ እንደሚያደክም የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አለ፤ የመጣውም ከፋብሪካና ከቢሮ ነው። ሮበርት ካራሴክ በ1979 የአሜሪካና የስዊድን ሠራተኞችን መረጃ አገናዝቦ እንዳሳየው፣ ሰውን የሚጎዳው የሥራ ጫና ብቻውን አይደለም። ጫናው ከፍ ብሎ ሠራተኛው በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ሲያጣ ነው ጉዳቱ የሚከፋው። ጫና ኖሮበት የሚወስን ሰው ይደክመዋል፤ ጫና ኖሮበት የማይወስን ሰው ይታመማል። ለዚህ ከማስተማሪያ ክሊኒክ የባሰ ምሳሌ አይገኝለትም። ጫናው የተማሪው ነው፤ በሽተኛው መምጣቱ፣ መምህሩ መፈረሙ፣ ወንበሩ መሥራቱ፣ ዕቃው መኖሩ ግን የሌሎች ነው።

ነገሩ ጫፍ የደረሰው በአሜሪካ የፈቃድ ፈተና ላይ ነው። ለረጅም ዘመን የአብዛኞቹ ግዛቶች የተግባር ፈተና በሕያው በሽተኛ ላይ ይደረግ ነበር፤ በሽተኛውን የሚያመጣው ደግሞ ተፈታኙ ራሱ ነው። ጥርሱ የተቦረቦረ መሆን አለበት፤ ግን ብዙ ያልተቦረቦረ። በራጅ ሲታይ ጉዳቱ ኢናሜሉን አልፎ ወደ ቀጣዩ ክፍል የደረሰ፣ ወደ ነርቩ ግን ያልቀረበ መሆን ይኖርበታል። እንዲህ ያለ በሽተኛ የተገኘ እንደሆነ ፈተናው የሚሰጥበት ከተማ ድረስ በአውሮፕላን ወስደው ሆቴል የሚያሳድሩ፣ እንዳይቀርባቸው ተጠባባቂ የሚይዙ ተፈታኞች ነበሩ። የባሰው ደግሞ ጥርሱ ዛሬ መታከም ሲገባው ለፈተናው ቀን የሚቆይለት በሽተኛ ነው። ተማሪው አራት ዓመት ሙሉ የበሽተኛው ጥቅም እንደሚቀድም ተምሮ፣ የመጨረሻው ፈተና ላይ ሲደርስ በሽተኛው እንዳይድን ይጸልያል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ይህ ዓይነቱ ፈተና እንዲቀር በ2005 አቋም ወሰደ። ኒውዮርክ ከ2007 ጀምሮ በፈተናው ምትክ ከምርቃት በኋላ የሚወሰድ የአንድ ዓመት ሥልጠና ጠየቀች። ሌሎቹ ግን ለዓመታት ሲያመነቱ ቆይተው፣ ያነቃነቃቸው ኮቪድ ነው፤ በ2020 ክሊኒኮች ሲዘጉ ብዙ ግዛቶች በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ የሚሰጠውን ፈተና ተቀበሉ። ለአሥርት ዓመታት «አይቻልም» የተባለው በወራት ውስጥ ተቻለ።

አሜሪካ ላይ ሳለን ዕዳውንም እንንካው። እዚያ ተበድረው የተማሩ የጥርስ ሐኪሞች ሲመረቁ በአማካይ ወደ 300,000 ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ይዘው ይወጣሉ። ዕዳ ያለበት ተማሪ ሙያው አልስማማው ቢል እንኳ መውጫ የለውም። አገር ቤት ተመርቀው ወደዚያ የሚሄዱ የጥርስ ሐኪሞችም ከዚህ አያመልጡም፤ አብዛኞቹ ግዛቶች በአገሩ ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት መመረቅን ስለሚጠይቁ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በሚፈጅ ፕሮግራም ገብተው እንደገና ተማሪ ይሆናሉ። በሥራ ዓለም ዶክተር ተብሎ የኖረ ሰው ሥራውን ተሸክሞ ፊርማ ለመጠየቅ ይሰለፋል።

አገር ቤት ያለው ተማሪ

በኢትዮጵያ አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናሉ። ከላይ ያነሳናቸው ምክንያቶች ሁሉ እዚህም አሉ፤ መልካቸው ግን ይለያል። እዚህ በሽተኛ በቁጥር አይጠፋም፤ የሚጠፋው የሚፈለገው ዓይነት በሽተኛ ነው። ብዙው ሰው ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳው ነው። ቅርንፉዱም፣ የህመም ማስታገሻውም፣ ጠበሉም ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ይመጣና ገና ሳይቀመጥ «ንቀሉልኝ» ይላል። ሩት ካናል ሊሠራለት የሚችል ጥርስ ቢሆን እንኳ ሦስት ጊዜ መመላለስ፣ ራጅ መነሳት፣ ከነቀላው እጥፍ ድርብ መክፈል አለ። ከወረዳ የመጣ ገበሬ ለአንድ ጥርስ ሦስት ጊዜ ከቀዬው አይነሳም፤ ተው ማለትም ይከብዳል። ተማሪው ስለዚህ በነቀላ እጁ ይፈታል፤ መዝገቡ ላይ የሩት ካናሉ ሣጥን ግን ባዶውን ይቀመጣል። ዕቃው በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ መሆኑን ስንጨምርበት፣ በሽተኛው ተገኝቶ ማደንዘዣው ወይም የመሙያው ቁስ የማይኖርበት ቀን አለ።

የማኅበረሰቡም ዓይን አለ። የወተት ጥርስን ከሕፃን ድድ በስለት ማውጣት ተቅማጥ ያድናል ተብሎ ሲሠራበት በኖረ አገር፣ የጥርስ ሥራ የባህል ነቃዩ ሥራ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። አምስተኛ ዓመት የደረሰን ተማሪ «ዋናውን ሐኪምነት መቼ ትጀምራለህ?» ብለው የሚጠይቁ ዘመዶች ክፋት የላቸውም። ምርጫው ሕክምና ሆኖ ነጥቡ ጥርስ ሕክምና ላይ ላሳረፈው ተማሪ ግን ጥያቄው በየበዓሉ የሚነካ ቁስል ነው። በዚህ ላይ አገራዊው የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ መጥቷል፤ ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው የብቃት ምዘናም የጥርስ ሐኪሞችን ይጨምራል። እነዚህ ፈተናዎች አስፈላጊ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ግን የሚጠይቁት በወረቀት ወይም በኮምፒውተር የሚመለስ ዕውቀትን ስለሆነ፣ ክሊኒክ ውስጥ እጁን እያፍታታ የዋለውን ተማሪ ማታ ወደ መጽሐፉ ይመልሱታል።

ተማሪዎች እርስ በርስ የሚያወሩት አንድ አስፈሪ ወሬም አለ፤ የጥርስ ሐኪሞች ከሙያዎች ሁሉ በላይ ራሳቸውን ያጠፋሉ የሚል። በ2001 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ ወሬውን ከምንጩ መርምሮ ማስረጃው ሳሳ ያለና እርስ በርሱ የማይስማማ ሆኖ አግኝቶታል። የመጨነቁ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ይህን ወሬ መጨመር ተማሪውን ከማስፈራራት ያለፈ ጥቅም የለውም። በእርግጥ የከበደው ተማሪ ካለ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ወይም ወደ ሐኪም ይሂድ፤ አብረውት የሚማሩትም ሲያዩት ዝም አይበሉ።

ትምህርት ቤቶች ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት የተለመደው መልስ የጭንቀት መቋቋሚያ ሥልጠና ነው፤ የትንፋሽ ልምምድ፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ አውደ ጥናት። የሚጎዳ ነገር የለውም። ሆኖም በሽተኛው የቀረበት ተማሪ አተነፋፈሱን ቢያሳምር በሽተኛው አይመጣም። መለወጥ ያለበት አደረጃጀቱ ነው፤ ምን መለወጥ እንዳለበትም በደንብ ይታወቃል። በሽተኛ የማግኘቱን ሥራ ከተማሪው ጫንቃ አውርዶ ለክሊኒኩ መስጠት አንዱ ነው። መምህራን በአንድ ሥራ ላይ አብረው ነጥብ እየሰጡ መለኪያቸውን እንዲያስተካክሉ ማድረግ ሌላው ነው፤ ይህ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም። ቁጥር ከመቁጠር ይልቅ ተማሪው ሥራውን ብቻውን መሥራት መቻሉን መመዘን፣ በሽተኛውንም እንደ አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲይዝ ማድረግ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተጀምሯል። ቁጥር መቁጠር ለአስተዳደር ይቀላል፤ ለዚህም ነው በቀላሉ የማይለቀው።

አንባቢው የሚችለው አንድ ነገር አለ። የማስተማሪያ ክሊኒኮች ከግል ክሊኒክ ብዙውን ጊዜ ይረክሳሉ፤ እያንዳንዱን ደረጃ መምህር ያየዋል፤ ጊዜ ግን ይወስዳሉ። ሰፊ ጊዜ ካላችሁ ሂዱ። ቀጠሮ ከያዛችሁ በሰዓቱ ተገኙ፤ የማትችሉ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ ንገሩ። ሕመሙ ስለተወ ብቻ በመካከል አታቋርጡ፤ ያልተጨረሰ ሩት ካናል ለእናንተም ጥርስ አይሆንም።